መልስ፦ ጋንዳም የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ልጀምረው ወይስ ልተወው?

ወንድሜ፣ «ሮቦት ከሮቦት ሲደባደብ ማየት አይመቸኝም፤ ጋንዳም ለእኔ ይሆናል? ከየትስ ልጀምር?» ብለሃል። በእኔ ይሁንብህ፣ ጀምረው፤ ያውም በፈረንጆቹ 1979 ከወጣው ከመጀመሪያው ተከታታይ።

ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ ሮቦቱን እንደ ታንክ ነው የሚያየው፤ ጥይት ይጨርሳል፣ ይበላሻል፣ ጥገና ይፈልጋል። ገና ሲከፈት ተራኪው ከሰው ልጅ ግማሹ በጦርነቱ እንዳለቀ ይነግርሃል። ይህን 18 ሜትር የሚረዝም መሣሪያ የሚነዳው አሙሮ ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ነው።

ክፍል 13 ላይ ስትደርስ ስልክህን አስቀምጥና እይ። አሙሮ ከስንት ጊዜ በኋላ እናቱን ያገኛል። የጠላት ወታደሮች ሲመጡ በሽተኛ መስሎ አልጋ ላይ ይተኛል፣ ሽጉጡን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቆ። ሊገልጡት ሲሉ ይተኩሳል። እናቱ ግን ልጄ ተረፈልኝ አላለችም፤ የተተኮሰበት ወታደርም እኮ ልጆች ይኖሩታል ብላ ደነገጠች። ሲለያዩ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቷት ይሄዳል። እኔ ያን ቀን ቀጣዩን ክፍል መክፈት አልቻልኩም።

ሥዕሉ አሮጌ ነው፣ አልዋሽህም። ያኔም ተመልካች አንሶት 52 ክፍል ሊሆን የታቀደው በ43 ተቋጨ፤ ስሙ የገነነው በድጋሚ ሲታይና የአሻንጉሊት ኩባንያው ባንዳይ በ1980 የሮቦቶቹን የሚገጣጠሙ ሞዴሎች ሲያወጣ ነው። 43ቱ ከበዛብህ በ1981 እና በ1982 የወጡት ሦስቱ ፊልሞች ታሪኩን አሳጥረው ይዘውታል፤ የእናትየውም ነገር መጀመሪያው ፊልም ውስጥ አለ።