የሃያ ዓመቱን ልጅ ሰባ ዓመት ማድረስ ሥራ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ትርፍ ሰዓቴን ሳቢያን አካባቢ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ ሙሽራ ሜካፕ እሠራለሁ። በቅርቡ የድራማ ክበባችን አንዱን ልጅ የሰባ ዓመት አባት አድርጊልን አለኝ። ፊቱ ላይ በዓይን ኩል መስመር አሰመርኩ፤ ፀጉሩ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። መድረክ ላይ ሲወጣ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቦታው ደግሞ የሚያስለቅስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ይሄ ነገር ሥራ ይሆናል? ትምህርቴን ትቼ አዲስ አበባ ሄጄ ሜካፕ ልማር? ያጠራቀምኳትን ብር ዕቃ ልግዛባት? ለሚያሠሩኝስ ስንት ልጠይቅ?»

እህቴ፣ ሥራ ይሆናል። ድሬ ላይ ግን ለብቻው እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ትምህርትሽን አትተዪ፣ ሳሎኑን አትልቀቂ፣ ብርሽንም ዕቃ ላይ አትጨርሺ። የሙያ አማካሪ ከመሆኔ በፊት ለዓመታት ከመድረክ ጀርባ ሠርቻለሁ፤ ሥራውን እወደዋለሁ። አንድ ወጣት «ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ» ሲለኝ «ዲግሪሽን ጨርሺ» ብዬ ብቻ ማለፍ አይሆንልኝም። መጀመሪያ ስለ ሥራው ራሱ እናውራ።

ሰው ለምን ሳቀ? ልጁ የተሳለበት እንጂ ያረጀ አልመሰለም። ሰው ሲያረጅ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ አጥንቱ ብቅ ይላል፣ ቆዳው ወደ ታች ይወርዳል። በሜካፕ ሽብሽቡ የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀመርሽ።

በሚቀጥለው ጊዜ ኩሉን አስቀምጪውና ተዋናዩን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ፊቱን በጣቶችሽ ዳሺው። የጉንጩ አጥንት የት ያልቃል? ከቅንድቡ ጫፍ ወደ ጆሮው ያለው ቦታ ምን ያህል ይጎደጉዳል? የዓይኑ ጉድጓድ ጠርዝ የት ነው? የሚጎደጉደው ላይ ጥላ፣ ማለትም ጠቆር ያለ ቀለም ታደርጊያለሽ፤ የሚወጣው ላይ ብርሃን፣ ማለትም ፈካ ያለ ቀለም። ከዚያ ፈገግ እንዲል፣ ግንባሩን እንዲቋጥር፣ ዓይኑን ጨብጦ እንዲዘጋ ጠይቂው። የራሱ መስመሮች ይወጣሉ። የሚያረጀው በእነሱ ላይ ነው፤ ከሌላ ሰው ፊት ያየሽውን አታምጪበት።

ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ ጥግ የሚወርደውን እጥፋት በተለይ ተለማመጂው። ጀማሪ ሁሉ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። እጥፋት ሁለት ጠርዝ አለው፤ አንዱ ስል፣ አንዱ ለስላሳ። ጥላው እጥፋቱ ውስጥ ስል ሆኖ ይጀምራል፤ ወደ ጉንጭ በኩል እየሳሳ ይጠፋል። ከስሉ ጠርዝ አጠገብ፣ በአፍ በኩል፣ ቀጭን ብርሃን ታስቀምጫለሽ። ሁለቱንም ጠርዝ ስል ካደረግሽው እንደገና መስመር ይሆንብሻል። ይህን አንድ እጥፋት በደንብ የሠራች ልጅ ግንባሩም፣ የዓይን ሥሩም አይከብዳትም።

ቀለሙ ላይ ጠንቀቅ በዪ። እኛ ቆዳ ላይ ጥቁርና ግራጫ ሲገባ አመድ ይመስላል፤ ሰውዬው ያረጀ ሳይሆን የታመመ ይሆናል። ጥላው ከተዋናዩ ቆዳ ሁለት ሦስት ደረጃ የጠቆረ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ይሁን። ብርሃኑም ነጭ አይሁን፤ ከቆዳው ፈካ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፋውንዴሽን ይበቃል። ሙሽራዋን ኮንቱር የምታደርጊበት፣ ፊቷን በጥላና በብርሃን የምትቀርጪበት ዕቃ ለዚህ ይሆንሻል ማለት ነው። ለዚህ ነው ብርሽን አታውጪ ያልኩሽ።

ከውጭ የሚመጡት የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው። ጠቆር ያለ ቆዳ ቶሎ አይሸበሸብም። እርጅናው ጎልቶ የሚታየው በጉንጭ መጎድጎድ፣ ከዓይን ሥር በሚንጠለጠለው ከረጢት፣ በመንጋጋ መላላትና በቆዳ ቀለም መዘበራረቅ ነው። የብዙ እናቶች ጉንጭና የዓይን ዙሪያ ላይ ትናንሽ ጥቁር ነጠብጣቦች አይተሽ ይሆናል። ከንፈር ይሳሳል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። እነዚህን ከቪዲዮ አታገኚያቸውም፤ ከሰው ፊት ነው የምታገኚያቸው። አቦ፣ ድሬ ላይ ደግሞ ፊት ሞልቷል!

ወደ ቀፊራ ገበያ ውረጂ። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሸጡ እናቶችን ዓይን ተመልከቺ። ብርሃን ሲከላከሉ የኖሩበት መጨማደድ ከዓይናቸው ጥግ ወደ ጎን ተዘርግቷል። ከዚያ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር የሚቀመጡትን የምድር ባቡር ጡረተኞች እዪ። ጥላ ውስጥ፣ ወርክሾፕ ውስጥ የኖረ ሰው ሌላ ዓይነት ያረጃል፤ ዕድሜው እጁ ላይ ነው። ሐረር ስትወጪ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌዎች ታገኛለሽ። ጥርሳቸው ያለቀ አባቶች ጫቱን በሙቀጫ ወቅጠው ሲይዙም ታያለሽ፤ ጥርስ ሲያልቅ አፍ እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ከእነሱ በላይ የሚያሳይሽ የለም። ፎቶ ማንሳት ከፈለግሽ ግን ቁጭ ብለሽ፣ ሰላምታ ሰጥተሽ፣ ለምን እንደሆነ ነግረሽ አስፈቅጂ። እምቢ ካሉ ተነሺ። በዓይንሽ ያየሽውን ማታ ደብተርሽ ላይ ሥዪው።

ክበብሽ «ሽማግሌ አድርጊልን» ሲልሽ እንግዲህ መጀመሪያ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ። የምን ሽማግሌ? ገበሬ ነው? ሾፌር? ሼህ? ቄስ? ጠግቦ የኖረ ነው የተጎዳ? ይህን የምትጠይቅ ልጅ ከአዘጋጁ ጋር እኩል ታወራለች።

ዱቄቱን ተይው። ተዋናዩ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ይበናል፤ ሰው የሳቀው ምናልባት በእሱም ሊሆን ይችላል። ሽበት ብዙ ጊዜ ከጆሮ በላይ ካለው ፀጉር ነው የሚጀምረው፤ ቀለሙም ፍጹም ነጭ አይደለም፣ ትንሽ ቢጫ አለበት። ከረሜላ ቀለም የሚመስለውን ስፕሬይ ትተሽ ፈካ ያለ ክሬም ፋውንዴሽን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፀጉሩ ጫፍ ላይ ብትነካኪ ይሻላል። ለጢምም ጥጥ አትለጥፊ። ሳሎናችሁ ውስጥ ከርደድ ያለ የዊግ ቁራጭ አይጠፋም። ትንሽ ትንሽ እየቆረጥሽ፣ ከአገጭ ሥር ጀምረሽ ወደ ላይ እየደረደርሽ ለጥፊው።

ላቴክስ የሚባለውን ፈሳሽ ጎማ ሳትሰሚ አልቀረሽም። ቆዳውን በእጅ ወጥሮ ይቀባል፣ በቀዝቃዛ አየር ይደርቃል፣ ፓውደር ይደረግበታል፣ ሲለቀቅ እውነተኛ ሽብሽብ ይሆናል። ደስ ይላል። ግን ላቴክስ የማይስማማው ሰው አለ፤ ከባድ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ከአንድ ቀን በፊት ክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተሽ ሳታዪ ፊት ላይ እንዳትነኪ። ለቆዳ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ግዢ። የዓይን ሽፋን ላይ፣ ቅንድብና ጢም ላይ አይደረግም፤ ሲላቀቅ ፀጉሩን ይዞ ይመጣል። ሙሽራ ላይ የምትጠቀሚበት የተለጣፊ ሽፋሽፍት ማጣበቂያ ብዙውን ጊዜ ላቴክስ አለበት፤ ሽታውና አደራረቁ እንዴት እንደሆነ በራስሽ የእጅ ጀርባ ላይ መሞከር ትችያለሽ። ፍሬ በፍሬ የሚተከለው የኤክስቴንሽን ሽፋሽፍት ማጣበቂያ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ከሱፐር ግሉ ወገን ስለሆነ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ደግሞ ሙቀቱ አለ። የድሬን ሙቀት ለአንቺ አልነግርሽም። ቅባት ያለው ሜካፕ መብራት ሥር ሲገባ ይቀልጣል፤ የላቴክስ ጠርዝ በላብ ይነሳል። ስስ ስስ አድርገሽ ደራርቢ፣ በየመሐሉ ፓውደር አድርጊ፣ ተዋናዩን እስኪገባ ድረስ ማራገቢያ ፊት አስቀምጪው። ላብ ሲያልበው አይጥረግ፤ በሶፍት ጫን ጫን ያድርግ። ያው ሥራ ሐረር ላይ ቀዝቀዝ ስለሚል ይሻላል፤ ስለዚህ ሐረር ላይ የቆየልሽ ሜካፕ ድሬም ይቆያል ብለሽ አትመኚ።

የሠራሽውን በሳሎን መስታወት አትፍረጂ። መድረኩ ላይ አቁሚውና መብራቱ ይብራ፤ ከዚያ መጨረሻው ወንበር ሄደሽ ተቀመጪ። የፊት ለፊት መብራት ጥላሽን ያጠፋዋል። ሰማያዊ መብራት ከመጣ ደግሞ ቀላ ያለው ጥላሽ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ካሜራ ከሆነ ሁሉም ነገር መቀነስ አለበት፤ ለአዳራሽ የሠራሽው ፊት በስልክ ቪዲዮ ላይ ጭምብል ይመስላል። እጅና አንገትንም አትርሺ። ፊቱ ሰባ፣ እጁ ሃያ የሆነ አባት መድረክ ላይ ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ትምህርትሽ እንምጣ። ዲክ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ሰውን በማስረጀት እሱን የሚያህል የለም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ አንድ ዝነኛ ፊልም ላይ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረን ተዋናይ ሽማግሌ ቄስ አደረገው፤ ብዙ ተመልካች ተዋናዩን እውነተኛ አዛውንት ነበር የመሰለው። ይህ ሰው ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባው የጥርስ ሐኪም ለመሆን ነበር። እዚያ እያለ አንድ የመድረክ ሜካፕ መጽሐፍ እጁ ገባ። ራሱ ላይና የድራማ ተማሪዎቹ ላይ እየሞከረ ለብቻው ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1945 ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀጥረው የጣቢያው የመጀመሪያው የሜካፕ ባለሙያ ሆነ። ያንቺም ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነሽ፣ የድራማ ክበብ አለሽ፣ ፊታቸውን የሚሰጡሽ ልጆች አሉ። ይህን ትተሽ ብትሄጂ አዲስ አበባ ላይ ለቤት ኪራይ ስትሮጪ የምትለማመጂበት ፊት ታጫለሽ።

ትያትርን በዲግሪ መማር ካማረሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዮፍታሔ ንጉሤ የትያትር ጥበባት ትምህርት ቤት አለ። ከዚህኛው ዲግሪ በኋላም ማሰብ ትችያለሽ። የአጭር ጊዜ የሜካፕ ኮርስ የሚሰጡ ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት ውበት ነው፤ እሱን አንቺ እየሠራሽበት ነው። ከመክፈልሽ በፊት «ማስረጀትና ቁስል ታስተምራላችሁ? በተማሪ ሥራ አሳዩኝ» ብለሽ ጠይቂ። ካላሳዩሽ ብርሽን ይዘሽ ተመለሺ። በፀጉርና ውበት ሥራ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና መውሰድ ግን እመክርሻለሁ። አንድ ቀን የራስሽን ሳሎን ለመክፈት ስትነሺ ወረቀቱ ይጠቅምሻል፤ ስለ ብሩሽ ንጽሕናና ስለ ቆዳ በሽታ የምታነቢውም ለሁለቱም ሥራ ነው።

ሥራው ከየት ይመጣል? መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ክበቦችና በበዓላት ከሚዘጋጁ ድራማዎች። ቀጥሎ ከከተማው ቴሌቪዥን አጫጭር ድራማዎችና ከማስታወቂያ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ በር ደግሞ አለ። ሰው ማስረጀት የምትችል እጅ ቁስልና ቃጠሎም መሥራት ትችላለች። የጤና ተማሪዎች ሕመምተኛ መስሎ በሚተውን ሰው ላይ የሚለማመዱበት አሠራር በብዙ አገር አለ፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ልምምድም እንዲሁ። ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ ቀይ መስቀልም አለ። ፎቶሽን ይዘሽ ሄደሽ «ለልምምዳችሁ ቁስል ልሥራላችሁ?» ማለት አያስወቅስም። እምቢ ቢሉሽ የምታጪው የታክሲ ሒሳብ ነው።

ለዚህ ግን የምታሳዪው ነገር ያስፈልጋል። አንድን ሰው በሠላሳ፣ በሃምሳና በሰባ ዓመቱ አድርገሽ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ ያለ ፊልተር አንሺው። የዓይን ዙሪያውን፣ እጁንና አንገቱን በቅርበት ጨምሪ። ከእያንዳንዱ ጋር የተጠቀምሽበትን ቀለምና የወሰደብሽን ሰዓት ጻፊ። ፊልም የሚሠራ ሰው በማግስቱ ያንኑ ፊት መድገም የምትችል ባለሙያ ይፈልጋል፤ ማስታወሻ የምትይዝ መሆንሽን ሲያይ ይተማመንብሻል። አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ለዚህ አትሰንፍም።

ስለ ክፍያው፣ ለክበብሽ የምትሠሪው ለልምምድ ነውና ጉልበትሽን አታስከፍዪ፤ የዕቃውን ግን ይሸፍኑ። ከውጭ ለሚያሠራሽ ሰው ዋጋሽን በሁለት ክፈዪው፤ ዕቃ ለብቻ፣ ሙያ ለብቻ። የዕቃውን ቅድሚያ ተቀበዪ። የሙያውን ለመተመን አንድ ሙሽራ የሚወስድብሽን ሰዓትና የምትከፈዪውን መነሻ አድርጊ፤ የማስረጀቱ ሥራ ሁለት እጥፍ ሰዓት ከወሰደ ዋጋውም በዚያው ልክ ይሂድ። ማውለቂያውንም ቁጠሪ፤ ላቴክስና የተለጠፈ ጢም በዘይት ቀስ ተብሎ ነው የሚነሳው፣ ተዋናዩን ትተሽው ወደ ቤት አትሄጂም። ስምሽም ፖስተሩ ላይ ወይም የፊልሙ ስም ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ከሥራው በፊት ተነጋገሪ።