ኪው ደርሶኝ ዩ ከሌለኝስ?

ድሬዳዋ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ስክራብል እንጫወታለን። ሰሌዳው አንድ ነው፤ ሰው ግን ብዙ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እኔን ይጠይቃል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ ፊደል የተጻፈባቸው 98 ጠጠሮችና 2 ባዶ ጠጠሮች አሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ይይዛል። 15 በ15 በሆነ ሰሌዳ ላይ የእንግሊዝኛ ቃል እየገጣጠመ ነጥብ ይሰበስባል። ሰሞኑን የተጠየቅኩትን ከነመልሱ እነሆ።

ከሳቢያን የምትመጣ ተማሪ፦ ኪው በደረሰኝ ቁጥር ዩ አይደርሰኝም። ጨዋታው እስኪያልቅ ታቅፌው እቀራለሁ። ምን ይሻለኛል?

አይዞሽ፣ የሁላችንም ራስ ምታት ነው። ኪው 10 ነጥብ ታስገኛለች። እጅሽ ላይ እያለች ጨዋታው ካለቀ ግን 10 ትቀንስብሻለች። ትምህርት ቤት «ከኪው በኋላ ሁሌ ዩ» ተብለን ነው ያደግነው። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ሁሌ ግን አይደለም። መጀመሪያ ኪው-አይን ያዢ። «ቺ» ተብሎ ይነበባል፤ ቻይናውያን የሕይወት ኃይል የሚሉት ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ጠባብ ቦታም ይገባልሻል።

ቀጥሎ የእኛው ጫት አለልሽ። ከአወዳይ የሚጫነው ጫት በእንግሊዝኛ በሦስት መንገድ ይጻፋል፦ ኪው-ኤ-ቲ፣ ኬ-ኤ-ቲ እና ኬ-ኤች-ኤ-ቲ። ሦስቱም ይፈቀዳሉ። ነጥባቸው በቅደም ተከተል 12፣ 7 እና 11 ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ዩ ሳይከተላት ኪው ካለችባቸው ቃላት ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ከዐረብኛ ነው። ኪው እዚያ የቆመችው ለ«ቀ» ድምፅ ነው። ቃዲ፣ ኒቃብ፣ ቂብላ። አቦ፣ እነዚህ እኮ የሰፈራችን ቃላት ናቸው! ድሬ ወይም ሐረር ያደገ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ያውቃቸዋል። ቃዲ ኪው-ኤ-ዲ-አይ ነው። ኒቃብ ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ። ቂብላ ኪው-አይ-ቢ-ኤል-ኤ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን በየትኛው መዝገበ ቃላት እንደምትዳኙ ተስማሙ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የስክራብል የቃላት ዝርዝሮች አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጭቅጭቅም የሚነሳው ከዚያ ነው።

አንድ አባት፦ ልጄ በኬ የሚጀምር ቃል ጠፍቶበት ተቀምጦ ሳለ ጓደኛው «ናይፍ» ብሎ ሠራ። ልጄ ቃሉን ያውቀዋል። ለምን አልመጣለትም?

ጋሼ፣ ልጅዎ የፈለገው በጆሮው ነው። በአማርኛ ፊደል ያደገ ሰው እንዲህ ማድረጉ አይገርምም። እኔም ለዓመታት እንደሱ ነበርኩ። እኛ የሰማነውን እንጽፋለን። «ና» ካልን ና ነው፤ ከፊቱ የተደበቀ ፊደል የለም። እንግሊዝኛ ግን የማይሰሙ ፊደላትን ተሸክሞ ይዞራል። ቢላዋ፣ ማለትም ናይፍ፣ በኬ ይጀምራል። ጉልበትም፣ ኒ የሚሉት፣ እንዲሁ። መዝሙር ማለት የሆነው ሳም የሚጀምረው በፒ ነው። መጻፍ ማለት የሆነው ራይት ከፊቱ ደብሊው አለው። ስለዚህ «ኬ ያለበት ቃል» ሲባል ጆሮ «ከ» የሚል ድምፅ ብቻ ያስሳል፤ ናይፍ አጠገቡ ቆሞ ያልፈዋል።

አንድ ደብተር ይግዙለት። ገጾቹን በድምፅ ሳይሆን ዓይን በሚያያቸው ፊደላት ይክፈላቸው። ለኬ-ኤን አንድ ገጽ፣ ለደብሊው-አር አንድ ገጽ፣ ለፒ-ኤስ አንድ፣ «ፈ» ለሚሆነው ፒ-ኤች አንድ። ቃል ባገኘ ቁጥር በየገጹ ይመዝግብ። እኔን የቀየረኝ እንዲህ ያለ ደብተር ነው። እስከ ዛሬም አልጣልኩትም።

ሦስተኛ ፊደሉ ኤክስ የሆነ ባለ አምስት ፊደል ቃል በስልክ እንዴት ላግኝ?

ዋንሉክ የሚባል የቃላት መፈለጊያ ድረ ገጽ አለ። ለማታውቀው ፊደል ሁሉ አንድ የጥያቄ ምልክት ትጽፋለህ፦ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ ኤክስ፣ እንደገና ሁለት። ፒክስል፣ ቦክሰር፣ ቶክሲክ፣ ሲክስቲ ይመጡልሃል። የፊደሉን ብዛት ካላወቅክ ኮከብ ምልክት ተጠቀም። ኢንተርኔት ሲጠፋም እንዳትቸገር የቃላት ዝርዝር ፋይል አስቀድመህ ስልክህ ላይ አውርድ። ይሄ ሁሉ ግን ለልምምድ ነው። ጨዋታ መሀል ስልክ ማየት ማጭበርበር ነው፤ እኛ ጋ አይፈቀድም።

በቪ ባለ ሁለት ፊደል ቃል አለ?

የለም። አትልፊ።

ዎርድል ላይ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ አምስቱም ግራጫ ሆኑብኝ። ጨዋታው ተበላሽቶ ይሆን?

አልተበላሸም። ዎርድል አምስት ፊደል ያለውን ቃል በስድስት ሙከራ የምታገኝበት ነው፤ ግራጫ ማለት ፊደሉ ቃሉ ውስጥ የለም ማለት ነው። አምስቱም ከጠፉ ዋይን ፈልግ። አናባቢ ሆና የምትሠራው እሷ ናት። ከመጋላ የሚገዛውን ከርቤ አስብ፦ ኤም-ዋይ-አር-አር-ኤች። ክሪፕትና ሊምፍም አሉ።

ሰባቱን ጠጠር በአንዴ የሚጨርሱ ሰዎች እንዴት ነው የሚያዩት?

ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳሉ። ሰባቱን በአንድ ተራ መጨረስ 50 ነጥብ ይጨምራል፣ ስለዚህ ድካሙ ያዋጣል። አይ-ኤን-ጂ ወይም ኢ-አር ካለህ ወደ ቀኝ ጥግ አስቀምጠውና ከቀረው ጋር ታገል። ቦታ ማቀያየር ምን እንደሚሠራ «ሊስን» (ኤል-አይ-ኤስ-ቲ-ኢ-ኤን) በሚለው ቃል ሞክረው። ያው ስድስት ፊደል ሳይለንት ይሆናል፣ ኢንሊስትም ይሆናል። ሊስን ስንል ቲ አትሰማም፤ ጠጠሩ ግን እጅህ ላይ ነው። ኤስንም ዝም ብለህ አትጣላት። ያሉት አራት ብቻ ናቸው፣ የሌላ ሰው ቃል መጨረሻ ላይም ትቀጠላለች።

ከስክራብል ጠጠሮች መሀል ኢ ለምን በዛች?

ጨዋታውን በ1930ዎቹ የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። ጋዜጣ ላይ ያሉትን ፊደላት ቁጭ ብሎ ቆጠረ። በብዛት የምትገኘው ኢ 12 ጠጠር ተሰጣት፣ ኪው አንድ።

አንድ ሕፃን፣ ከእናቱ ጀርባ፦ ብርስ ይፈቀዳል?

ይፈቀዳል፣ የኔ ጌታ። ቢ-አይ-አር-አር፣ 6 ነጥብ። ጤፍም ቲ-ኢ-ኤፍ ተብሎ 6 ነው፤ ሁለተኛ ኤፍ ካለህ ጨምርበትና 10 ይሆንልሃል።