«ዋናውን ንገሪኝ» የሚሉት አለቃዬ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና ዕቃ ከውጭ በሚያስመጣ ድርጅት የግዢ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ። ከሥራ አስኪያጃችን ጋር ግን መግባባት አቅቶኛል።

እሳቸው ስብሰባ ላይ ሐሳብ በሐሳብ ላይ ይደራርባሉ። በቅርቡ «ይሄን የላቦራቶሪ ዕቃ ከህንድ ትተን ለምን ከቱርክ አናመጣም?» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ትእዛዝ ነው ብዬ ቱርክ ላሉ አቅራቢዎች ጻፍኩ፣ ፕሮፎርማ (አቅራቢው የሚልከውን የዋጋ ማቅረቢያ) ሰበሰብኩ፣ የህንዱን አቅራቢም «ትንሽ ታገሡን» አልኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን ሳነሳ «ማን አዘዘሽ? እኔ እኮ ሐሳብ ነው ያነሳሁት» አሉኝ። ያውም ሰው ሁሉ ፊት። የህንዱ ፕሮፎርማ ደግሞ ጊዜው ሊያልፍ ነው።

ሪፖርት ሳቀርብም ያው ነው። ዋጋውን፣ ማጓጓዣውን፣ የባንኩን ጉዳይ አንድ በአንድ አዘጋጅቼ እገባለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ «ዋናውን ንገሪኝ» ይላሉ። ዝርዝሩን ሳያዩ እንዴት ይወስናሉ? ነገ ጅቡቲ ላይ ዴመሬጅ (ዕቃ ወደብ ላይ ሲዘገይ የሚከፈል ቅጣት) ቢቆጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ ድርጅቱ ስለ አስተሳሰብ ዓይነቶች ሥልጠና አዘጋጅቶልን ነበር። መጠይቅ ሞላን። እኔ «የግራ አእምሮ ሰው» ተባልኩ፣ እሳቸው «የቀኝ»። ከዚያ ወዲህ አስተያየት በሰጠሁ ቁጥር «አንቺ ግራ አእምሮ ነሽ፣ ከቁጥር ውጪ አይታይሽም» ይሉኛል። እውነት አእምሮዬ እንደዚያ ነው? ወይስ ሥራ ልቀይር?

መልስ

እህቴ፣ ሥራ ለመቀየር ገና ነው። ከሥልጠናው ልጀምር፤ ያ ስያሜ ልብሽ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

አእምሮሽ እንደዚያ አይደለም። የሳቸውም አይደለም። ነገሩ ግን መነሻ አለው። ሮጀር ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለከባድ የሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል የአንጎላቸው ግራና ቀኝ ማገናኛ የተቆረጠላቸውን ሰዎች አጠና። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ሥራ እንዳላቸው አሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ሳይንስ ነው። ሰውን ራሱን «ግራ» እና «ቀኝ» ብሎ መመደብ ግን ከጥናቱ አልፎ የተወራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ሰዎችን የአንጎል ምስል መረመሩ። አንዳንዱ ሰው በግራው፣ ሌላው በቀኙ አብዝቶ እንደሚሠራ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ሰውን በአንድ መጠይቅ መድቦ ወደ ቢሮው የሚመልስ ሥልጠና ያሳዝነኛል። አንቺን ያገኘሽ ይኸው ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትናገሪው ሳይሆን ስያሜሽ ነው የሚሰማው።

የአስተሳሰብ ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፣ እናንተም መካከል አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ማይክል ከርተን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ሐሳብ ለናንተ ጉዳይ በጣም ይቀርባል። አንዳንዱ ሰው ችግርን የሚፈታው ያለውን አሠራር ይዞ፣ እሱኑ እያሻሻለ ነው። ሌላው አሠራሩን ራሱን ለመቀየር ይቸኩላል። ብዙዎቻችን በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነን። ከርተን አጥብቆ የሚለው ነገር አለ፤ ይህ የችሎታ መለኪያ አይደለም። ሰው እንዴት እንደሚያስብ ይነግርሻል እንጂ ምን ያህል እንደሚችል አይነግርሽም። ደግሞም ሁለቱ ሲተያዩ ይሳሳታሉ። ለውጥ ወዳዱ ሌላውን ፈሪና ግትር ያደርገዋል። አሻሻዩ ደግሞ ያኛውን ግድ የለሽ ይለዋል። «ከቁጥር ውጪ አይታይሽም» እና «ዝርዝሩን ሳያዩ እንዴት ይወስናሉ?» የተባባላችሁት ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚህ ላይ አለቃሽ እየተናገሩ የሚያስቡ ሰው ይመስሉኛል። ሐሳባቸው አፋቸው ላይ ነው የሚበስለው። አንቺ ደግሞ አስበሽ ጨርሰሽ ነው የምትናገሪው። ስለዚህ ሌላው ሲናገርም አስቦ የጨረሰ ይመስልሻል። የቱርኩ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱን ባንቺ ላይ አልጥልም። አለቃ ስብሰባ ላይ ተናግሮ ሁሉም ዝም ካለ፣ እኛ ሀገር ብዙ ሠራተኛ ትእዛዝ ነው ብሎ ይነሳል። «ይሄ ውሳኔ ነው?» ብሎ ሰው ፊት መጠየቅ አለቃን መገዳደር ይመስላልና ይሉኝታ ይይዘናል።

ጥያቄውን እንደ ሥራ ጥያቄ አቅርቢው፦ «ዛሬውኑ ልጀምርበት ወይስ ዋጋ ብቻ አጣርቼ ልንገርዎት?» ይህ አያስከፋም። ከስብሰባው በኋላ ደግሞ በቴሌግራም ሁለት መስመር ላኪላቸው። የተወሰነው ይህ፣ ገና የምናስብበት ይህ። ካልተስማሙ ያኔውኑ ያርሙሻል፣ አንቺም ለቱርክ ከመጻፍሽ በፊት ታውቂያለሽ።

ወደ ሪፖርቱ ልምጣ። ዝርዝርሽን እንዳትተዪ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የአስመጪ ሥራ ዝርዝር ካልተያዘ ያከስራል። ፕሮፎርማ ጊዜው ሲያልፍ፣ ኤልሲ (ባንኩ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ሲዘገይ፣ ዕቃው ወደብ ላይ ሲቆም የሚመጣውን ኪሳራ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቅደም ተከተሉን ግን ገልብጪው። አንቺ ከማስረጃ ተነስተሽ ወደ ውሳኔ ትሄጃለሽ። እሳቸው መጀመሪያ ውሳኔውን ሰምተው ነው ወደ ማስረጃው የሚመለሱት። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ከሳቸው የምትፈልጊው ነገር ይሁን፦ «የህንዱን ፕሮፎርማ እስከ ዓርብ እንዲያጸድቁልኝ እጠይቃለሁ።» ሁለተኛው መስመር፣ ካልጸደቀ የሚመጣው ነገር። ሦስተኛው፣ የቱርኩ ከህንዱ በምን እንደሚሻልና በምን እንደማይሻል። ሰንጠረዡን ከኋላ አያይዢው። «ይሄ ቁጥር ከየት መጣ?» ባሉሽ ጊዜ ገጹን ትገልጪላቸዋለሽ። እኔ እንደማየው፣ የተሰላቹት በዝርዝሩ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ምን እንደምትጠይቂያቸው ሳያውቁ በመጠበቃቸው ነው።

አንድ ነገር ግን ለይቼ ልንገርሽ። ሰው ፊት «ማን አዘዘሽ?» ማለት የአስተሳሰብ ልዩነት አይደለም። የአክብሮት ጉዳይ ነው፣ አንቺም ሐሳባቸውን ስለተረዳሽላቸው ብቻ ልትሸከሚው አይገባም። ቢሯቸው ጸጥ ባለበት ሰዓት ግቢና በቀጥታ ንገሪያቸው፦ «ስህተት ሲኖርብኝ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ቶሎ አርመዋለሁ። የአእምሮው ነገርም ቀልድ ቢሆን ሐሳቤን እንዳልናገር እያደረገኝ ነው።» ምክንያቱን አታብዢ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ብዙ እንዲህ ዓይነት አለቆች የሚናገሩት እንደሚጎዳ ሲነገራቸው ይደነግጣሉ። እሳቸው ካልደነገጡና ካልተዉ፣ ያኔ ስለ ሥራ መቀየር ያነሳሽውን ጥያቄ መልሰሽ ጻፊልኝ።

ለዚህ ንግግር ጥሩ ቀን እስክታገኚ ጥቂት ቀን ብትቆዪ ችግር የለውም። የህንዱ ፕሮፎርማ ግን አይጠብቅሽም፤ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፈሽ ላኪላቸው።