«የማን ነው?» ያለው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ወንድም ጋሼ እዚህ ጅማ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ነው። የቀበሌው ሒሳብ ሊመረመር ሁለት ቀን ሲቀረው ከቤት እንደወጣ ቀረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቦንጋ፣ አንድ ቡና መጋዘን ውስጥ አገኘሁት፤ በሌላ ስም ተቀጥሮ ቡና ይለቅማል። ስጠመጠምበት «እህቴ፣ ሰው ተመሳስሎብሽ ነው» አለኝ። ከኮቱ ኪስ የራሱን መታወቂያ አውጥቼ ብሰጠው ፎቶውን ትኩር ብሎ አይቶ «የማን ነው?» አለ። አሁን ቤተሰቡን ለይቷል፤ እነዚያን ቀናት ግን አያስታውስም። ባልደረቦቹ «ከኦዲት ለማምለጥ ነው» ይላሉ፤ እናታችን ጠበል ይግባ ትላለች። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺን «የማን ነው?» ደጋግሜ አነበብኳት። የገለጽሽው ነገር ዲሶሲዬቲቭ ፊዩግ ከሚባለው ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ «ፊዩግ» ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ሽሽት ማለት ነው። ከባድ ጭንቀት የበረታበት ሰው ማንነቱን ረስቶ ከአገሩ ርቆ ይሄዳል፤ እጁ የለመደውን ሥራ ግን አይረሳም። እጅግ ብርቅ ነው፤ ግን አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 አንሰል ቦርን የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ ከባንክ 551 ዶላር አውጥቶ ተሰወረ። ሁለት ወር ያህል በሌላ ግዛት፣ ብራውን በሚል ስም፣ ሱቅ ከፍቶ ሲነግድ ከቆየ በኋላ አንድ ማለዳ ነቅቶ የት እንዳለ ግራ ገባው። ገንዘብ ይዞ መጥፋቱን ብቻ ላየ ሰው ሌባ ይመስላል።

ወንድምሽን ግን በደብዳቤ መመርመር አልችልም። የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የስኳር ማነስም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ፤ አስቀድሞ እነዚህ ይጣሩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ውሰጂው፤ የአእምሮ ሐኪሞች እዚያው አሉ። ትዝታ የሚመልስ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው በትዕግሥት መነጋገር ነው። ጠበሉን እናታችሁን አትከልክዪ፣ ሕክምናውን ግን አያስቀር፤ ጠበሉ ቦታ በሰንሰለት እንዳይታሰርና መድኃኒት ከታዘዘለት እንዳያቋርጥ አደራ።

ባልደረቦቹ አሳዝነውኛል። የሚያስመስል ሰው መኖሩን አልክድም፤ ያንን የሚለየው ግን ሐኪም እንጂ ስብሰባ አይደለም። ሒሳቡ በደረሰኝና በመዝገብ ይመርመር፤ ለዚያ የእሱ ትዝታ አያስፈልግም። ጉድለት ከተገኘበትም በሕግ ይጠየቅ፣ ሕመሙም ይታከም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ትዝታው ሲመለስ ሐፍረቱና ሐዘኑ አብረው ይመጣሉ፤ በዚያን ጊዜ በራሱ ላይ ክፉ የሚያስብ አለ። ማታ ብቻውን አይደር፤ «የት ነበርክ?» እያላችሁም አታስጨንቁት።