ለስልክና ለኮምፒውተር የሚሆን የማስታወሻ አፕ፦ ጥያቄና መልስ

ስልክ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ኮምፒውተር ላይም እንዲገኝ ስለሚያደርጉ አፖች ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። «የትኛው ይበልጣል?» ተብሎ በደፈናው ሲጠየቅ ግን መመለስ ይቸግራል፤ የስልካችሁንና የኮምፒውተራችሁን ዓይነት፣ የምትጽፉትንም ነገር ጨምሩበት።

ጥያቄ፦ አንድሮይድ ስልክና ዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው ያለኝ። የምጽፈው የሚገዛ ዕቃ ዝርዝር፣ ቀጠሮ፣ ድንገት የመጣልኝ ሐሳብ ነው። የተወሳሰበ ነገር አልፈልግም።

መልስ፦ ጎግል ኪፕ ይበቃዎታል። ስልኩ ላይ የጎግል አካውንት ካለ አፑን ጭኖ መጻፍ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ በዚያው አካውንት በብራውዘር ይከፈታል። ፎልደር የለውም፣ የሚመደበው በሌብል ነው። አንድ ማስታወሻ 20,000 ፊደል ገደማ ሲደርስ ይሞላል፤ ስለዚህ ለቃለ ጉባኤ ወይም ለረጅም የትምህርት ማስታወሻ አይሆንም። የሰረዙት ነገር ቅርጫት ውስጥ የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው፤ በስምንተኛው ቀን «ለካ ያስፈልገኝ ነበር» ማለት አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት እንደልብ አላገኝም። ሁሉም «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አባባሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። ጆፕሊንና ኦብሲዲያን የጻፉትን በመጀመሪያ የሚያስቀምጡት እዚያው መሣሪያው ላይ ነው፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ወደ ሌላው ለመላክ ብቻ ነው። ወር ሙሉ ሳይገናኙ ቢጽፉም ምንም አይጎድልም። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ዋናውን ቅጂ ሰርቨር (የኩባንያው ኮምፒውተር) ላይ ይይዙና መሣሪያው ላይ ለጊዜው የወረደውን ያሳያሉ። ኖሽን ለምሳሌ እ.ኤ.አ. እስከ ኦገስት 2025 ድረስ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድ አልነበረውም፤ አሁንም የሚፈልጉት ገጽ አስቀድሞ መሣሪያው ላይ መውረዱን ማረጋገጥ አለብዎት።

ከመወሰንዎ በፊት 10 ደቂቃ የማትፈጅ ፈተና አለች። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ማስታወሻ ይጻፉና ስልኩ ላይ እስኪታይ ይጠብቁ። ከዚያ ሁለቱንም ከኢንተርኔት ያላቅቁ፣ አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግተው መልሰው ይክፈቱ። ማስታወሻው ካልተከፈተ ፈተናው እዚያው አበቃ። ከተከፈተ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስልኩ ላይ አንድ ዓይነት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ዓይነት አድርገው ያርሙትና ሁለቱንም ያገናኙ። ደህና አፕ ወይ ሁለቱን ያዋህዳል፣ ወይ አንደኛውን ለብቻው ያስቀምጥልዎታል። ትንፍሽ ሳይል አንዱን ከዋጠ፣ የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያረምኩት ጠፍቶ አሮጌው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ወይ አልተላከም፣ ወይ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማረምዎ በፊት ይፈልጉት። ጆፕሊን ግጭት ሲያገኝ፣ ማለትም አንድ ማስታወሻ ሁለት መሣሪያ ላይ ለየብቻ ታርሞ ሲደርሰው፣ «ኮንፍሊክትስ» የሚል ደብተር ይከፍታል፤ ደብተሩ ግን ግጭቱ በተገኘበት መሣሪያ ላይ ብቻ ነው የሚቀረው፣ ወደ ሌላው አይሄድም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን አይቶ «የለም» ይላል። ፋይል ማመሳሰያዎቹ ድሮፕቦክስና ሲንክቲንግ ደግሞ በፋይሉ ስም ላይ ግጭት መኖሩን የሚናገር ቃል ጨምረው ሁለተኛ ፋይል ያስቀምጣሉ።

ካልተላከ ደግሞ አንድሮይድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ባትሪ ቆጣቢው ነው፤ አፑን ከጀርባ ያስቆመዋል። ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ አፕስ፣ ቀጥሎ የአፑን ስም፣ ቀጥሎ ባትሪ ይግቡና «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ይምረጡ። አጠራሩ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል። አይፎን አፖች ከጀርባ እንደልባቸው እንዲሠሩ አይፈቅድም፤ ጽፈው ሲጨርሱ የማመሳሰሉ ሥራ እስኪያልቅ አፑን ከፍተው ይቆዩ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጡም መጀመሪያ ያመሳስሉ፣ ከዚያ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ኦብሲዲያንን በጎግል ድራይቭ ማመሳሰል ፈልጌ ስልኩ ላይ እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ኦብሲዲያን የሚፈልገው ስልኩ ውስጥ ያለ እውነተኛ ፎልደር ነው። የጎግል ድራይቭ የስልክ አፕ ግን ፋይሎቹን ያሳያል እንጂ ፎልደሩን ስልኩ ላይ አያስቀምጥም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ የሠራው ዘዴ ስልኩ ላይ ይቋረጣል።

መክፈል ከቻሉ የራሱ የኦብሲዲያን ሲንክ ከሁሉም ያነሰ ጣጣ አለው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው (ኩባንያውም ማንበብ አይችልም)፣ የጽሑፍ ግጭትንም ለማዋሃድ ይሞክራል። በነፃ ለሚፈልግና አንድሮይድ ላለው ሲንክቲንግ አለ። ፋይሉን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ በቀጥታ ስለሚልክ ሁለቱም በአንድ ጊዜ በርተው መገናኘት አለባቸው። ይፋዊው የአንድሮይድ አፕ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ስለቆመ ሌሎች የሚያስቀጥሉትን ሲንክቲንግ ፎርክን ነው የሚጭኑት። አይፎንና ማክ ያለው አይክላውድን ይጠቀም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። በአንድ ፎልደር ላይ ሁለት የማመሳሰያ መንገድ አይደርቡ፤ አንዱ የላከውን ሌላው እንደ አዲስ ለውጥ እያየ ቅጂ በቅጂ ያደርግዎታል። የማስታወሻ ርዕስ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ ወይም የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ አይጻፉ። ዊንዶውስ እነዚህን በፋይል ስም ውስጥ ስለማይቀበል ስልኩ ላይ «ምን ልግዛ?» ያሉት ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ማስታወሻዬ ሁለት ቦታ ካለ ባካፕ አለኝ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ስልኩ ላይ በስህተት ቢሰርዙ ኮምፒውተሩም ተከትሎ ይሰርዛል፤ የማመሳሰል ሥራው እሱ ነው። በወር አንዴ ኤክስፖርት አድርገው ከማይመሳሰል ቦታ፣ ለምሳሌ ፍላሽ ላይ፣ ያኑሩ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ኤቨርኖት ላይ ነበርኩ። አሁን በነፃው 50 ማስታወሻ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ያለኝን ይዤ እንዴት ልውጣ?

መልስ፦ ገደቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው፤ ከ50 በላይ የነበራችሁ የድሮውን ማየትና ኤክስፖርት ማድረግ ትችላላችሁ፣ አዲስ መጨመር ነው የተከለከለው። ኤክስፖርቱን ስልክ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ በተጫነው አፕ ያድርጉት። እያንዳንዱን ደብተር ለየብቻ ያውጡ፤ «ኢኔክስ» የተባለው ፋይል የደብተሩን ስም ስለማይዝ ሁሉንም በአንድ ላይ ካወጡ ምድቡ ይደባለቃል። ከዚያ ጆፕሊን ላይ ፋይል፣ ኢምፖርት ብለው ኢኔክስን ወደ ማርክዳውን (ጆፕሊን ወደሚጽፍበት ተራ የጽሑፍ ዓይነት) የሚለውጠውን ይምረጡ። ታጎቹና ምስሎቹ ይመጣሉ፤ ከማስታወሻ ወደ ማስታወሻ የሚወስዱ ሊንኮች ግን ሊበላሹ ይችላሉ። የማስታወሻውን ብዛት በሁለቱም በኩል ሳይቆጥሩ አሮጌውን አካውንት አይዝጉ።

ጥያቄ፦ የጻፍኩትን ኩባንያው ማንበብ ይችላል?

መልስ፦ ኪፕ፣ ዋንኖት (የማይክሮሶፍቱ)፣ ኖሽንና ኤቨርኖት ላይ የምስጠራው ቁልፍ በመደበኛነት ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው፤ ስለዚህ ማንበብ ይችላል። ስታንዳርድ ኖትስ የተባለው አፕ ከመነሻው የተመሰጠረ ነው፤ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ ነው። ጆፕሊንም መመስጠር ይችላል፣ ግን እርስዎ ካላበሩት ዝም ብሎ ክፍት ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ አንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ያብሩት፣ ሁሉም ተመስጥሮ ተልኮ እስኪያልቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን አመሳስለው ፓስወርዱን ሲጠይቅዎ ያስገቡ። ሁለቱም ላይ ለየብቻ ካበሩት ሁለት ቁልፍ ተፈጥሮ ግራ ያጋባል። ፓስወርዱ ከጠፋ የሚመልስልዎ ማንም የለም።

ጥያቄ፦ አይፎንና ዊንዶውስ ይዤ አፕል ኖትስ ይሆነኛል?

መልስ፦ በብራውዘር በአይክላውድ ይከፈታል፣ ግን ለዊንዶውስ የተሠራ አፕ የለውም። ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ የሚጽፉ ከሆነ ዋንኖት ይሻላል። በብዕር ለሚጽፍም እሱን ነው የምመርጠው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ስጽፍ ፍለጋው ያለውን ነገር «የለም» ይለኛል።

መልስ፦ «ፀሐይ» ብለው ጽፈው «ጸሀይ» ብለው ሲፈልጉ ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። ኦብሲዲያን ላይ በፍለጋው ሣጥን እንዲህ ብለው ይሞክሩ፦ /[ጸፀ][ሀሃሐሓኀ]ይ/። በቅንፍ ውስጥ ካሉት ማንኛቸውንም ይቀበላል። ይህ በሌለው አፕ ላይ ለየርዕሰ ጉዳዩ አንድ አጻጻፍ መርጠው በታግ ያስሩት፤ ታጉን ከዝርዝር ስለሚነኩት ሲጽፉት የመሳሳት ዕድል የለም። ዩኒኮድ (ዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተጻፈ ፋይል ካለዎት ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለውጡት፤ ያለዚያ ስልኩ ላይ የሚታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው።