እናቴ ያለ ነጠላ የታየችበት ፎቶግራፍ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከሸዋ ሮቢት ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ ቤታችን ተቃጠለ። እናቴ ፍርስራሹ ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ አንድ የማናውቀው ሰው ፎቶግራፍ አነሳት። ኅዳር በመጣ ቁጥር ሰዎች በፌስቡክ ይለጥፉታል፤ አንዳንዶቹ የሌላ ቦታ ስም ይጽፉበታል። ታናሽ ወንድሜም በገጹ አውጥቶታል፤ «ይህ ባይኖር የደረሰብንን ማን ያምነናል?» ይላል። እናቴ ግን ፊቷን ታዞራለች። «ቤቴ መቃጠሉን ይዩት፤ ራሴን ሳልሸፍን መታየቴ ነው የሚያንገበግበኝ» ትላለች። ምን እናድርግ?

ልጃቸው

እኅቴ፣

ወንድምሽ የሚለው ከንቱ አይደለም። ሰኔ 1 ቀን 1964 ዓ.ም. በቬትናም ጦርነት ጊዜ፣ በደቡብ ቬትናም ትራንግ ባንግ በተባለች ስፍራ ናፓልም የተባለ የሚያቃጥል ቦምብ ተጣለ። የ9 ዓመቷ ኪም ፉክ ልብሷ ነድዶ፣ ገላዋ ተቃጥሎ፣ እየጮኸች ስትሮጥ የተነሳችው ፎቶግራፍ ዓለምን አዳረሰ። ስለዚያ ጦርነት ብዙ ያነበበ ሰው እንኳ ልቡ የተነካው ያችን ልጅ ሲያይ ነው። ኪም ፉክ ራሷ ግን ፎቶውን ለዓመታት ጠልታዋለች፤ ራቁቷን መታየቷ ያሳፍራት ነበር። ኋላ ላይ ግን በጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት ስትከራከር ያንኑ ፎቶ በፈቃዷ ይዛ ቆመች።

የእናትሽን ቃል ደጋግሜ አነበብኩት። በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟችን ፎቶግራፍ ይዞ የሚወጣው ቤተ ዘመድ ነው፤ የትኛው ይውጣ ብሎ የሚመርጠውም እሱ ነው። እናትሽ በሕይወት እያሉ ለሟች የምንሰጠውን ክብር ተነፈጉ። ነጠላቸውን ሳያደርጉ ደጅ የማይወጡ ሴት በሕይወታቸው እጅግ ክፉ በሆነው ቀን ባዶ ራሳቸውን ለማያውቁት ሕዝብ ታዩ። ይህን ቀላል ነገር ነው የሚላችሁን አትስሙ።

ስለዚህ እሳቸውን ጠይቋቸው። ቡና ተፈልቶ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ያን ቀን ይናገሩ፤ ወንድምሽ ቃላቸውን ይጻፍ። ደስ ካላቸውም ነጠላቸውን አድርገው ቤቱ በነበረበት ቦታ ሌላ ፎቶግራፍ ይነሱ። የቦታውን ስም ለሚያሳስቱት እውነተኛውን ጻፉላቸው፤ ውሸቱ በተገለጠ ጊዜ የእናንተም መከራ አብሮ ይጠረጠራልና። ለፌስቡክም ማመልከት ይቻላል፤ ሁሉም ቅጂ ይጠፋል ብዬ ግን ተስፋ አልሰጥሽም።

ወንድምሽ ከገጹ ላይ ዛሬውኑ ያንሳው። እናታችሁ ይቆይ ካሉ መልሶ ማውጣት አያቅተውም።