የተገጠመው ክርን ወደ ጎን ሲላላ

የዛሬው ጥያቄ ከአጋሮ ነው። ጋራዥ የሚሠራ ወንድም ነው የጻፈው። እናቱን ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ቀኝ ክርናቸውን ጨርሶባቸው፣ ውጭ አገር ሄደው ሰው ሰራሽ ክርን ተገጥሞላቸዋል። ሕመሙ ጠፍቷል። ግን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጎን ሲገፋው ትንሽ ይወዛወዛል። “ቡሽ እንዲህ ሲላላ እኔ ቀይሬ አጠብቃለሁ። ይሄ ሲገጠም ተበላሽቶ ነው? ደግሞስ ስንት ኪሎ ማንሳት ይችላሉ?” ይላል።

እኔ እዚሁ ጅማ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሥራዬ ከቀዶ ሕክምና የወጣ እጅ ማሠራት ነው። ወንድሜ፣ ተረጋጋ። የላይኛውና የታችኛው ክፍል በፒን የተያያዙበት ዓይነት ከሆነ፣ ያ መላላት ታስቦበት የተሠራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይገጠሙ የነበሩት ብዙዎቹ ክርኖች ከመታጠፍና ከመዘርጋት ሌላ ምንም የማይፈቅዱ ግትር ማጠፊያዎች ነበሩ። የተፈጥሮ ክርን ግን ሲታጠፍ ትንሽ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ትንሽም ይዞራል። ግትሩ ማጠፊያ ይህን ሲከለክል ጉልበቱ የት ይሂድ? አጥንቱ ውስጥ የገባው ዘንግና ዘንጉን የያዘው የአጥንት ሲሚንቶ ላይ ያርፋል። ጠማማ በር ላይ ግትር ማጠፊያ ስትገጥም ማጠፊያው ደህና ሆኖ ሚስማሩ ከእንጨቱ እንደሚነቀለው ማለት ነው። ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአጥንቱ ላልተው ወጡ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዲዛይኖች በፒኑና ፒኑ በሚዞርበት የፕላስቲክ ቀለበት (ቡሽ) መካከል ሆን ብለው ክፍተት ተዉ። በጣም በሚታወቀው ዓይነት ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። በዚህም ጡንቻውና ጅማቱ ጫናውን ይጋራሉ፣ ሲሚንቶው ያርፋል። በዚሁ ዓይነት የላይኛው ዘንግ ፊት ለፊት ትንሽ ክንፍ አለች፤ ከኋላዋ ቁራጭ አጥንት ይደረግና ዘንጉ ወደ ኋላ እንዳይገፋና እንዳይዞር ትይዘዋለች። በጣም የማደንቀው ሐሳብ ነው።

ስለዚህ አንተ ማጥበቅ የለብህም፣ በየቀኑ እየያዝክ መሞከርም የለብህም። ወጌሻም እንዳይነካው። ይሄን አጥብቄ ነው የምልህ፤ የሚታሸውና የሚጎተተው ክርን ውስጥ ብረትና ሲሚንቶ ነው ያለው።

አሁን ወደ ኪሎው። አብዛኛውን ጊዜ ለእድሜ ልክ የሚሰጠው ትእዛዝ በተደጋጋሚ ለሚነሳ ነገር 1 ኪሎ፣ ለአንድ ጊዜ ደግሞ 5 ኪሎ ገደማ ነው። የእናትህ ሐኪም ከዚህ ያነሰ ከጻፈ እሱን ያዝ። አነሰ አትበል፣ ሒሳቡን ራስህ ሥራው። ባይሴፕስ፣ ማለትም ክርንን የሚያጥፈው የፊት ጡንቻ፣ የሚያያዘው ከክርኑ መዞሪያ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነው፤ መዳፋቸው ያለው ግን ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ርቆ ነው። ክርናቸውን 90 ዲግሪ አጥፈው 5 ኪሎ ቢይዙ ጡንቻው በ35 ኪሎ ገደማ ይስባል፣ መገጣጠሚያው ላይ ከ30 ኪሎ ያላነሰ ይጫናል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጨርሶ አይታሰብም።

ከክብደቱ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ አቅጣጫው ነው። ክንድ ከጎን ርቆ ከፍ ሲል የእጅ ክብደት ክርኑን ወደ ጎን ይጠመዝዘዋል፤ ቡሹን ባንድ ወገን የሚበላው ይሄ ነው። ቡና ሲቀዱ አስተውል፤ ክርናቸው ወደ ውጭ ይነሳል። ጀበናው ግማሽ ይሁን፣ ክርናቸውም ከጎናቸው ሳይርቅ ይቅዱ፣ ወይ ሌላ ሰው ይቅዳ። የምጣዱን አክምባሎም በግራ እጃቸው ያንሱ። ቡና በሙቀጫ መውቀጥና እንጨት መፍለጥ ቀርቷል፣ ምት አይወድም። ከወንበር ሲነሱም በዚያ እጅ አይደገፉ፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተነካ ትራይሴፕስ፣ ማለትም ክርንን የሚዘረጋው የኋላ ጡንቻ፣ ሊደክም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ብለህም አትታገል። እ.ኤ.አ. በ1981 የክርን ቀዶ ሐኪሙ ሞሪና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ክርን 0 ዲግሪ ቢባል፣ ለዕለት ኑሮ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መታጠፍ ይበቃል፤ ጉርሻ ለማጉረስም ይበቃል።

እንዲህ ካየህ ግን አትቆይ፦ መወዛወዙ ከበፊቱ ከጨመረ፣ አዲስ የመንኳኳት ድምፅ ከመጣ፣ ዕቃ ማንሳት ሲጀምሩ የላይኛው ክንዳቸውን ካመማቸው፣ ወይም ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አጥንት ክፍል ይዘሃቸው ና። ራጅ ተነስተው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከተነሳው ጋር ይነጻጸራል። ያለቀው ቡሹ ብቻ ከሆነ በብዙ ዓይነቶች ዘንጉ ሳይነካ ቡሹ ይቀየራል፤ ስለዚህ የተገጠመው ዕቃ ስምና መጠን ያለበትን ወረቀት ይዘህ ና፣ ያለሱ መለዋወጫ መፈለግ መከራ ነው።

ቦታው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ፈሳሽ ካወጣ ደግሞ በዚያው ቀን ነው መምጣት ያለባቸው። የክርን ቆዳ ስስ ነው፣ ኢንፌክሽን ቶሎ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተህ አታስጀምራቸው፤ ናሙና ሳይወሰድ ከተጀመረ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ይከብዳል።